የቧንቧው ውሃ ይጠጣል ወይ? ቤት ውስጥ ራሳችሁ የምታረጋግጡበት መንገድ

ክረምት በገባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። አንዷ የብርጭቆ ፎቶ ትልክና «ይሄ ይጠጣል?» ትለኛለች። ሌላው «የኛ ሰፈር ውሃ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ ምን ጨምረውበት ነው?» ይላል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። የጻፍኩት አዲስ አበባን እያሰብኩ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት፣ ሮቶና ጀሪካን ያለበት ከተማ ሁሉ ግን ይሠራል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ውሃው ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ማጣሪያ ሲወጣ ደለሉ ዘቅጦ፣ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣውም ክሎሪን ይጨመርበታል። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው። በተሰነጠቀ ቱቦ፣ በግቢያችሁ መስመር፣ በሮቶው፣ በጀሪካኑ፣ ሲከፋም በጣሳው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የተበላሸበትን ቦታ ፍለጋ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሦስት ንጹሕ፣ ቀለም የሌላቸው ብርጭቆዎች
- ነጭ ወረቀት
- የክሎሪን መለኪያ ወረቀት (ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙን የሚቀይር ቀጭን ወረቀት ነው። የላቦራቶሪ ዕቃ ወይም የመዋኛ ገንዳ ኬሚካል የሚሸጡ ጋ ጠይቁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁም ቀላል ዕቃ ነው፣ አስመጡት። «ነፃ ክሎሪን» የሚለካና ከዜሮ ጀምሮ ዝቅተኛ ቁጥሮችን የሚያሳይ ይሁን)
- ሽታ ያልተጨመረበት፣ መጠኑ 5 በመቶ መሆኑ የተጻፈበት በረኪና፣ ወይም ውሃ አጋር (ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ክሎሪን)
- ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው ስሪንጅ፣ ባለ 2 ወይም ባለ 5 ሚሊ ሊትር
- ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ
- ክዳን ያለውና ከታች ቧንቧ የተገጠመለት የመጠጥ ውሃ ባልዲ፣ ካልተገኘ አፈ ጠባብ ጀሪካን

1ኛ፦ የውሃውን መንገድ በእግራችሁ ተከተሉ

ከቆጣሪው ጀምሩ። ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው ቱቦ በየት ያልፋል? በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ወይም በሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ካለፈ ጻፉት። ውሃ ሳይከፈት ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ መሬት ካለ እሱንም ጻፉ። እዚያ ቱቦው ያፈሳል ማለት ነው።

ይሄ ለምን ያስፈልጋል? ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቱቦው ግማሹን ሳምንት ባዶ ነው። ውሃ ሞልቶት ግፊት ሲኖር በስንጥቁ ወደ ውጭ ያፈሳል፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ግፊቱ ሲጠፋ ግን በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውሃ በዚያው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃ በሚያፈስበት ቀዳዳ ፍሳሽ ይገባበታል ብላችሁ አስቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲናሞ በቀጥታ ከዋናው መስመር ጋር አታገናኙ። ዲናሞው መስመሩን ሲስበው ግፊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ከቱቦው ውጭ ያለውን ሁሉ ይጠጣል። የምትጎዱት ራሳችሁን ብቻ አይደለም፣ ከእናንተ በታች ያለውን ጎረቤትም ነው። ዲናሞ ከሮቶ ወይም ከመሬት ታንከር ነው የሚስበው።

2ኛ፦ ፈረቃው ሲመለስ የመጀመሪያውን ውሃ አትጠጡ

ውሃ እንደመጣ ሁሉም ሰው ጀሪካኑን ይዞ ይሮጣል። ይገባኛል፣ ተመልሶ ይሄዳል ብላችሁ ነው። ግን መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ባዶ ቱቦ ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ዝገት፣ ደለልና የገባውን ቆሻሻ ጠርጎ ነው የሚመጣው። የሮቶውን መግቢያ ዝጉና የግቢውን ቧንቧ ክፈቱ። መጀመሪያ የመጣውን በባልዲ ቀድታችሁ ለሽንት ቤትና ለወለል አድርጉት፣ አይባክንም። ጠርቶ ሲመጣ ሮቶውን ክፈቱ፣ የመጠጡንም ቅዱ። አንዳንድ ሰፈር 5 ደቂቃ ይበቃል፣ አንዳንድ ሰፈር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ደቂቃ አትቁጠሩ፣ ብርጭቆውን እዩ።

3ኛ፦ ሦስት ብርጭቆ

አንዱን ከግቢው ቧንቧ፣ ውሃው ሮቶ ከመግባቱ በፊት ቅዱ። ሁለተኛውን ከሮቶ ከሚመጣው የኩሽና ቧንቧ። ሦስተኛውን ከምትጠጡበት ጀሪካን። ከኋላቸው ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ በመስኮት ብርሃን አስተያዩዋቸው።

ባለፈው ዓመት እኛ ግቢ ይሄንን ስናደርግ የመጀመሪያው ብርጭቆ እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ያለ ነበር፣ ሁለተኛው ቀጭን ሻይ ይመስላል። እኛ ወር ሙሉ «መንግሥት ቆሻሻ ውሃ ላከብን» እያልን ነበር። ሮቶው ላይ ወጥተን ክዳኑን ስንከፍት ከታች አንድ ስንዝር የሚሆን ጭቃ እንደ አጥሚት ረግቶ፣ ላዩ ላይ የእርግብ ላባ ተንሳፍፎ አገኘን። ክዳኑ ተሰንጥቆ ነበር። ልጆቻችን ከዚያ ነበር የሚጠጡት።

የምታዩትን እንዲህ ተርጉሙት፦

ወተት የመሰለ ነጭ ከሆነ ብርጭቆውን አስቀምጡና ጠብቁ። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ ጉዳት የለውም። ከላይ ወደ ታች ከጠራና ከሥር ነጭ ነገር ከተቀመጠ ደቃቅ ዝቃጭ ነው።

ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ቱቦ ዝገት ነው። ዝገቱ ራሱ ያን ያህል አያሳምምም፣ ግን ክሎሪኑን ይበላዋል። በክረምት ደግሞ የአፈር ድፍርስም ሊሆን ይችላል። ቡናማ ውሃን ሳታክሙ አትጠጡ።

ጥቁር ፍርፋሪ ካለበት ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ወይም ያረጀ የጎማ ዕቃ ነው። የቧንቧውን ጎማ ፈትታችሁ እዩ።

የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ የቆመ ውሃ አለ ማለት ነው። የፍሳሽ ሽታ ከሆነ አቁሙ። አትጠጡ፣ አፍልታችሁም አትጠጡ፣ ወዲያው አሳውቁ። የአፈር ሽታ ከግድብ አልጌ ሊመጣ ይችላል።

ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ካልሲየም ነው። ለጤና አያሰጋም፣ ማንቆርቆሪያውን ነው የሚጎዳው።

የተለመደ ስህተት፦ ጥርት ካለ ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ። ተቅማጥ የሚያመጡት ጀርሞች አይታዩም፣ አይሸቱም፣ ጣዕምም የላቸውም። ስለዚህ ዓይን ግማሹን ሥራ ነው የሚሠራው፣ ቀሪው የሚቀጥለው ደረጃ ላይ ነው።

4ኛ፦ ክሎሪኑን ለኩ

ከሁሉም በላይ እንድትሠሩት የምለምናችሁ ይሄን ነው። ክሎሪን የግቢ ዘበኛ ማለት ነው። ውሃው ከማጣሪያው ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ የሚገባበትን ጀርም የሚገድለው እሱ ነው። እየገደለ ሲሄድ ራሱም ያልቃል። እቤታችሁ ሲደርስ ትንሽ ከተረፈ ጥሩ ምልክት ነው። ምንም ካልተረፈ ውሃው ተበክሏል ማለት ላይሆን ይችላል፣ ዘበኛ የሌለው ግቢ ግን ሆኗል።

መለኪያ ወረቀቱን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት ንከሩ። ከቧንቧው ሥር፣ ቀድታችሁ ወዲያው ለኩ። በሃይላንድ ቀድቶ ቢሮ ወስዶ መለካት አይሆንም፣ ክሎሪን በፀሐይም በጊዜም ይጠፋል። ሦስቱንም ቦታ ለኩና ጻፉ። እጃችሁን ወረቀቱ ላይ አታሳርፉ፣ ላብ ውጤቱን ያዛባዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቧንቧ ላይ ሲደርስ ነፃ ክሎሪኑ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም መሆን አለበት። ከ0.2 እስከ 0.5 ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ጣሪያው 5 ነው፣ እዚያ የሚደርስ የቧንቧ ውሃ አይገጥማችሁም ማለት ይቻላል።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት። የግቢው ቧንቧ ላይ ክሎሪን ካለና ኩሽና ላይ ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ ሮቶው ነው፣ 5ኛውን ሥሩ። የግቢውም ዜሮ ከሆነ የጎረቤትን ለኩ። እነሱ ጋ ካለ ከቆጣሪ ወዲህ ያለው የራሳችሁ ቱቦ ይፈተሽ። እነሱም ጋ ዜሮ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ለውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ አሳውቁ። «ውሃው ቆሻሻ ነው» ከምትሉ «ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ቤት ለካን፣ ክሎሪን የለውም» ስትሉ ባለሙያው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ሮቶው ጥሩ ሆኖ ጀሪካኑ ብቻ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ወይ ውሃው ቆይቷል፣ ወይ ጀሪካኑ አልታጠበም።

ሽታውን ለምትፈሩ ሰዎች፦ ቀለል ያለ የበረኪና ሽታ ጥሩ ምልክት ነው። ካስጠላችሁ በማሰሮ ወይም በጆግ ቀድታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፣ ይለቃል። ግን ዘበኛውም አብሮ ስለሚሄድ በማግስቱ ጠጥታችሁ ጨርሱት።

5ኛ፦ ሮቶውን እጠቡ

በዓመት ሁለቴ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊትና መስከረም ላይ።

መግቢያውን ዝጉ፣ ውሃውን አፍስሱ። ግድግዳውንና ሥሩን በረጅም ብሩሽ ፈግፍጉ፣ ጭቃውን አውጡ፣ አለቅልቁ። ጭቃው ካልወጣ የሚቀጥለው ዋጋ የለውም፣ ክሎሪኑ ጭቃውን ሲታገል ያልቃል።

ከዚያ ሮቶውን ሙሉና ለእያንዳንዱ 1000 ሊትር 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ያህል ክሎሪን ይሆናል፣ ለማጠቢያ የሚሆን ኃይለኛ መጠን ነው። ቤት ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቧንቧ ሽታው እስኪመጣ ክፈቱና ዝጉ፣ ቱቦዎቹም እንዲታጠቡ። ለ12 ሰዓት ይደር። በማግስቱ ሁሉንም አፍስሱ፣ አንዴ አለቅልቁ፣ በአዲስ ውሃ ሙሉና ክሎሪኑን ለኩ።

በመጨረሻ ክዳኑ የሚገጥም መሆኑን እዩ፣ የትርፍ ውሃ መውጫውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት።

ማስጠንቀቂያ፦ የዚያን ቀን ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰልበትም፣ ልጅ አይታጠብበትም። ለሠራተኛዋም ለተከራይም ንገሩ፣ ቧንቧው ላይ ወረቀት ለጥፉ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሮቶ ውስጥ አትግቡ። መሰላል ላይ ስትወጡ ከታች የሚይዝ ሰው ይኑር።

6ኛ፦ የመጠጡን ውሃ አክሙ

ክሎሪን ከለካችሁና ካለ፣ ውሃውም ከጠራ፣ ጤነኛ አዋቂ የግቢውን ቧንቧ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ፣ ወይም አተት ሰፈር ውስጥ ከተሰማ ግን ሁልጊዜ አክሙ።

ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ አሳድሩት፣ ላዩን ቀድታችሁ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። በጣም ከደፈረሰ ቢሻን ጋሪ የሚባል የውሃ ማከሚያ ዱቄት አለ፣ ድፍርሱንም ያዘቅጣል፣ ጀርሙንም ይገድላል። አጠቃቀሙ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል። የሽፈራው ፍሬም ድፍርስ ያዘቅጣል፣ ግን ጀርም ላይ አይታመንም።

*ማፍላት።* የሚንተከተክ ፍል መሆን አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ስጡት፣ ዝቅ ባለ አገር 1 ደቂቃ ይበቃል። በፈላበት ዕቃ ክዳኑ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። የፈላ ውሃ ክሎሪን የለውም፣ ያልታጠበ ጀሪካን ውስጥ ከገለበጣችሁት ልፋታችሁ ገደል ገባ።

*ክሎሪን።* ለ20 ሊትር ጀሪካን የጠራ ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና በስሪንጅ። ትንሽ ከደፈረሰና አጥልላችሁት ከሆነ 2 ሚሊ ሊትር። ነቅንቁና 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ለኩ። 0.5 ግድም ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ካለ ጥሩ ነው። ዜሮ ከሆነ ውሃው በልቶታል፣ ያንኑ መጠን ደግማችሁ ሌላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። አሁንም ዜሮ ከሆነ ያንን ውሃ አትጠጡት። ውሃ አጋር ከሆነ የያዛችሁት ጠርሙሱ ላይ ያለውን መጠን ተከተሉ።

ስሪንጁ ለምን? «ትንሽ ጠብ አደረግኩበት» የሚለው ትንሽ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ይለያያል። አንዱ ያንሳል፣ ሌላው አፍ ያቃጥላል። 30 ደቂቃውም ለጌጥ አይደለም፣ ክሎሪን ጀርም ለመግደል ጊዜ ይፈልጋል። ክሎሪን የማይበግራቸው አንዳንድ ጥገኛ ተሕዋስያንም አሉ። ለሕፃንና ለታማሚ ማፍላቱን የምመርጠው ለዚህ ነው።

በረኪናው ራሱ ይሞታል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አትግዙ፣ የተመረተበትን ቀን እዩ። ሽታ ወይም ቀለም የተጨመረበት ለውሃ አይሆንም።

7ኛ፦ ጀሪካኑና ጣሳው

ጀሪካኑን በየሳምንቱ ንጹሕ ጠጠርና ሳሙና ከትቶ መነቅነቅ ነው፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። ውስጡን በጣታችሁ ስትነኩት የሚያዳልጥ ከሆነ የጀርም ቤት ነው፣ ፈግፍጉት። ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ለመጠጥ አይሆንም።

ውሃውን አጋድማችሁ ቅዱ እንጂ ጣሳ አታጥልቁበት። ጣሳውን የያዘው እጅ ሽንት ቤት ገብቶ የወጣ ይሆናል። አንድ ቤት ውስጥ ሮቶውም፣ ማፍላቱም፣ ጀሪካኑም ልክ ሆኖ ልጁ ከተቅማጥ አልወጣ ብሎ አይቻለሁ። በር ላይ አንድ ሰማያዊ ጣሳ በገመድ ታስራ ነበር፣ ግቢው ሁሉ በእሷ እየጠለቀ ይጠጣል።

8ኛ፦ ላቦራቶሪ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው

ቤተሰቡ በተደጋጋሚ ከታመመ፣ የፍሳሽ ሽታ ከመጣ፣ ወይም የራሳችሁን ጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ከሆነ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ሆነ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት የውሃ ምርመራ ይሠራሉ። አስቀድማችሁ ደውሉና መቼ እንደሚቀበሉ ጠይቁ።

ናሙና አወሳሰድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠርሙሱን ከላቦራቶሪው ውሰዱ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ አይሆንም። ውስጡ ትንሽ ዱቄት ካያችሁ አታለቅልቁት፣ ክሎሪኑን ለማስቆም ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ከቧንቧው ጫፍ ጎማና ወንፊቱን አውልቁ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አፍስሱ፣ የክዳኑን ውስጥ ሳትነኩ ቅዱ። በበረዶ ሳጥን ያዙትና በ6 ሰዓት ውስጥ አድርሱ። መንገድ ላይ ጀርሙ ከተራባ ወይም ከሞተ የምትከፍሉት ለውሸት ውጤት ነው።

ኢ. ኮላይ የሚባለው ጀርም እንዲመረመርላችሁ ጠይቁ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ዜሮ መሆን አለበት፣ አንድም ብትሆን የሰው ወይም የእንስሳ ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ናይትሬትና ፍሎራይድ ጨምሩ።

ማፍላት የማያድነው

ይሄን በተለይ ስምጥ ሸለቆ ላላችሁ ነው፤ ለመተሐራ፣ ለወንጂ፣ ለዝዋይ አካባቢ። እዚያ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ለዓመታት ሲጠጣ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ብታፈሉት ውሃው ተንኖ ፍሎራይዱ ይቀራል፣ ጭራሽ ይጠነክራል። ክሎሪንም፣ ነጠላም አያወጣውም። መፍትሔው ለፍሎራይድ የተሠራ ማጣሪያ ወይም ሌላ የውሃ ምንጭ ነው። ናይትሬትም እንዲሁ ነው። ገደቡ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን ከዚያ ባለፈ ውሃ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የጡጦ ወተት አታዘጋጁ።

ማጣሪያ ሻጮች ሲመጡ

እስክሪብቶ የሚመስል መለኪያ ውሃችሁ ውስጥ ነክረው «300 አነበበ፣ መርዝ እየጠጣችሁ ነው» ይሏችኋል። ያ መሣሪያ የሚለካው የሟሟ ማዕድን ነው፣ ጀርም አያይም። ኢ. ኮላይ የሞላበት ውሃ 50 ሊያነብ ይችላል፣ ጤነኛ የጉድጓድ ውሃ 400። ሌላም አለ፦ ሁለት ብረት ውሃችሁ ውስጥ ነክረው ኤሌክትሪክ ይለቁና ውሃው ሲጠቁር «እዩት ቆሻሻውን» ይላሉ። ያ ቀለም የራሱ የብረቱ ዝገት ነው። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መለኪያ ወረቀቱን አውጡና የእነሱን ማጣሪያ ውሃም ለኩ። ማጣሪያቸው ክሎሪኑን ካስወጣው፣ ያጣራውን ውሃ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በዚያው ቀን መጠጣት አለባችሁ።